ዛሬ ምን ተማርሽ?

ወላጆች ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» የምንለው እንደ ሰላምታ እንጂ መልስ ፈልገን አይደለም፤ ልጆችም ይህን ስለሚያውቁ «ምንም» ይሉናል፣ በዚሁም ሳንጎዳዳ እንለያያለን። በዚህ ሳምንት ግን አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ይህን የቆየ ስምምነት አፍርሳ፣ ደብተሯን ዘርግታ በዝርዝር መለሰችልኝ።

የሰኞው ትምህርት በክፍልፋይ ማካፈል ነበር። «ስድስት ለግማሽ ሲካፈል ስንት ነው?» አለችኝ። «ሦስት» አልኩ፤ ልጅ ፊት ማመንታት ተገቢ ስላልመሰለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። «እሱማ ለሁለት ሲካፈል ነው፣ አባዬ።» ያን ጊዜ በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ሕግ ትዝ አለኝና፣ ክፍልፋዩን ገልብጦ ማባዛት እንደሚገባ፣ መልሱም 12 መሆኑን በኩራት አስረዳሁ፤ እርሷ ግን «ለምን ይገለበጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ገልብጥ ስለተባልኩ ገልብጬ፣ የእርማት ምልክት ተደርጎልኝ፣ ክፍል ተዛውሬ፣ ተመርቄ ሥራ የያዝኩ ሰው ነኝ። ልጄ ከጠረጴዛው ላይ ስድስት ወረቀት አንስታ እያንዳንዱን ለሁለት ቀደደችና ደረደረችው፤ ጥያቄው «በስድስቱ ውስጥ ስንት ግማሽ ይገኛል?» ማለት እንደሆነም አንድ በአንድ እየጠቆመች አስቆጠረችኝ። በእርግጥም 12 ነበሩ፤ የፊርማዬ እኩሌታ በአንዱ፣ ቀሪው በሌላው ላይ መኖሩን፣ የተቀደደውም ለመሥሪያ ቤት የጻፍኩት የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ መሆኑን ያስተዋልኩት ቆጥረን ከጨረስን በኋላ ነው።

የውሃ ዑደት በሰላም አለፈ። በሥዕሉ ላይ ያሉት ቀስቶች ዞረው ዞረው ወደተነሱበት ስለሚመለሱ፣ ከየትም ብጀምር ልክ ነበርኩ።

ሐሙስ ወደ ፕላኔቶች ተሻገርን። በጣቶቼ እየቆጠርኩ ዘጠኝ አደረስኳቸው። ልጄ ዘጠነኛውን ጣቴን በእርጋታ አጠፈችው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘችው ፕሉቶ፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2006 ባወጣው ትርጓሜ ከፕላኔትነት ተሽራለች፤ ፀሐይን መዞሩም ሆነ ድቡልቡልነቱ ባይጎድላትም፣ በምህዋሯ አካባቢ ያሉትን ሌሎች አካላት ጠርጋ ቦታውን ለብቻዋ አልያዘችም። ዙሪያውን ጠርጎ የጨረሰ ብቻ በወንበሩ እንደሚጸና በምድር ባሉ መሥሪያ ቤቶች ስንቴ አይቻለሁ፤ ደንቡ ሰማይ ድረስ መዝለቁን ግን አላውቅም ነበር።

ፕሉቶ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 248 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ልጄ በፕላኔትነት የቆየችበትን 76 ዓመት ላዕል፣ 248ን ታህት አድርጋ ጻፈችና ሁለቱንም ለአራት አካፍላ 19/62 ላይ አደረሰችው። ሾመን የሻርናት አንድ ዙር ይቅርና ሲሶውን እንኳ ሳትጨርስ ነው ማለት ነው።

ዓርብ ማታ ደብተሯ ላይ በወላጅ የሚሞላ ቦታ አሳየችኝ፤ «ልጄን በማስጠናት አግዣለሁ» ይላል፣ ከሥሩም የፊርማ መስመር አለው። ልጄ እስክሪብቶ አቀበለችኝና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔም ፈረምኩ፤ ይኸኛው ፊርማዬ እንኳ ሙሉ ነው።