ማስተካከያ፦ ኮርቲሶሉ ከፍ አላለም፣ ዝቅ ብሏል

ባለፈው ስለ እናቶች ድንጋጤና ስለ ልጆቻቸው ስጽፍ አንድ ነገር ገልብጫለሁ፤ ይቅርታ። በ2001 እ.ኤ.አ. (እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር) የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲመቱ እዚያ አካባቢ የነበሩ 38 ነፍሰ ጡሮችን የሥነ አእምሮ ተመራማሪዋ ሬቸል የሁዳና ባልደረቦቿ አጥንተው፣ ድንጋጤው ባልለቀቃቸው እናቶችና በሕፃናቶቻቸው ምራቅ ውስጥ ኮርቲሶል (ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን) «ከፍ ብሎ» አገኙ ብዬ ነበር። ተቃራኒው ነው፤ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ጭንቀት ካለ ይጨምራል ብዬ በግምት ሄድኩ፣ በቃ። ልዩነቱ በተለይ የጎላው እናታቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላይ በነበረችው ልጆች ነው።

በእናቱ ድንጋጤ የልጁ «ጂኑ ተቀየረ» ያልኩትም ልክ አይደለም። የተለካው ምራቅ ነው፣ ያውም ልጁ ዓመት ገደማ ሲሆነው። እስከዚያ ድረስ እናቱ በር ሲንኳኳ ስትበረግግ፣ ሌሊት እንቅልፍ ስታጣ እቅፏ ውስጥ ነበር፤ ከማኅፀን የመጣውን ከዚህ መለየት ይከብዳል።