ያላዋጡ

ሰሞኑን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ርዕሱ "ላሳደገን ትምህርት ቤት ያዋጡ" ይላል። ስም፣ የጨረሱበት ዓመት፣ የብር መጠን፣ ከጎኑ አረንጓዴ ራይት። እስከዚህ ደህና ነው። ወረድ ሲሉ ግን ሌላ ርዕስ አለ፤ "ያላዋጡ"። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የምታለቅስ ፊት ተለጥፋለች። እኔ ያለሁት ከአልቃሾቹ ጋር ነው።

ማዋጣቱ አይደለም ያናደደኝ። አዋጣለሁ። የሴቶች ትምህርት ቤት ነው ሰው ያደረገኝ፤ የበላሁበትን ወጭት አልሰብርም። ያናደደኝ ዝርዝሩን ያወጣችው ሴትዮ ማንነት ነው። የዛሬዋ የኮሚቴ ሰብሳቢ ስምንተኛ ክፍል እያለን የክፍል አለቃችን ነበረች። መምህሩ ሲወጡ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ "የረበሹ" ብላ የምትጽፈው እሷ ናት። የእኔ ስም ሁሌ አንደኛ። ቀና ብዬ ካየኋት ከስሜ ጎን ኤክስ። እስክሪብቶ ወድቆብኝ ካነሳሁ ሌላ ኤክስ። መምህሩ ሲመለሱ ኤክሱ ተቆጥሮ ማስመሪያው መዳፌ ላይ ያርፋል። እሷ ግን ስትጽፍ ማስቲካ ታኝክ ነበር። እሱን ማን ጻፈባት? ይኸው ልጅ ወልዳ፣ ልጅ ድራ፣ ዛሬም የሰው ስም ትጽፋለች። የተቀየረው ጠመኔው ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ መልእክቷ ግርጌ ደግሞ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የምትለዋን ተረት ታስቀምጣለች። ይህችን ተረት እወዳታለሁ። አያቴ የእድር ስትከፍል ከአፏ አትለያትም ነበር። አያቴ ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ ትሰጥና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስትሰጥ ፎቶ ያነሳት የለም። የኛዎቹ ሃምሳ ሰዎች ግን ሎሚውን ሳያነሱ ባነር ይታተም አሉ። ቀጥሎ ቲሸርት። ቀጥሎ አዳራሽ፤ እሱም ሆቴል ካልሆነ አይመጥነንም ተባለ። ኬክ። ዲጄ። ድሮን ያለው ካሜራማን። ሎሚውማ ገና ትምህርት ቤቱ ሳይደርስ ተጨምቆ አለቀ።

አሜሪካ ያሉት ይሻላሉ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እራት ይዘጋጃል። መድረክ መሪው ማይክ ይዞ "ማነው አንድ ሺህ የሚል?" ይላል። አንዷ እጇን ታወጣለች። እልልታው ይቀልጣል፤ ቪዲዮው በዚያው ሌሊት እኛ ጋ ይደርሳል። ዶላሩ ግን "ቃል የገቡ" በሚል መዝገብ ውስጥ ይተኛል። ቃል መግባትን የመሰለ ርካሽ ነገር የለም፤ እልል ይባልልሻል፣ ኪስሽ አይነካም። ቃል የገቡ ከ"ያላዋጡ" ዝርዝር ውስጥ እንደማይገቡም አጣርቻለሁ።

ለመሆኑ ትምህርት ቤቱ ምን ፈለገ? ርዕሰ መምህርቷ ተጠይቀው ነበር። መልሳቸው አጭር ነው፤ የሽንት ቤቱ በሮች መቀርቀሪያ ይደረግላቸው፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ ይገዛ፣ ለልጆቹ ሞዴስ በየወሩ ሳይቋረጥ ይኑር። በቃ። ልጆቹ ዛሬም አንዷ ስትገባ ሌላዋ ከውጭ በሩን በእግሯ ትይዛለች አሉን። በኛም ጊዜ እንደዚሁ ነበር። የሰብሳቢያችንን በር ስንት ጊዜ ይዤላታለሁ! አንድ ቀን ግን ስሜን ከሰሌዳው አላጠፋችልኝም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ተወያየ። አንዷ "እንዴ! ሽንት ቤት ላይ ስማችንን ልናስጽፍ ነው?" አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እና ቤተ መጻሕፍት ይታደስ ተብሎ ተወሰነ፤ በሩ አጠገብ የለጋሾች ስም የሚቀረጽበት እብነ በረድ ይቆማል። ቤተ መጻሕፍቱ አለ እኮ! ችግሩ መቆለፉ ነው፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። እዚህ ላይ መሳቅ አቃተኝ። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ውሃም ሞዴስም ከሌለ ቤቷ ትቀራለች። በየወሩ ትቀራለች። ሒሳብ አመለጣት፣ ፊዚክስ አመለጣት፣ ከዚያ "ሴቶች ሒሳብ አይሆንላቸውም" እንላለን። ይህን የማያውቅ ወንድ ኮሚቴ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኛ ግን በዚያው ግቢ፣ ሹራብ ወገባችን ላይ አስረን ወደ ቤት የሮጥን ሴቶች ነን። የወር አበባ አይቶን የማያውቅ አስመሰለን እኮ!

ደግሞስ ስም ስም የምንለው ምኑን አምነን ነው? እቴጌ መነን አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ነው። ሴትን ልጅ ትምህርት ቤት መላክ እንደ ጉድ በሚታይበት ዘመን። ከጣልያን ወረራ በኋላ አዚናራ በምትባል የጣልያን ደሴት ታስረው የተመለሱት ስንዱ ገብሩ በርዕሰ መምህርትነት መርተውታል፤ ኋላ ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እሳቸው ናቸው። ደርግ መጣና የእቴጌይቱ ስም ተነስቶ የካቲት 12 ተባለ። የሰማዕታት ቀን ነውና ስሙ አይነቀፍም። ግን አስቡት፤ ዘውድ ጭነው፣ ትምህርት ቤቱን ራሳቸው አቋቁመው፣ ስማቸው በር ላይ አልሰነበተላቸውም። እኛ ሃምሳ ሆነን ሁለት መደርደሪያ ቀለም አስቀብተን እብነ በረድ ያምረናል።

ስለ ዝርዝሩ ነበር የጀመርኩት። ለማንኛውም ብሩን ትናንት ላክሁ። "ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "ለሮቶና ለመቀርቀሪያ" ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢያችን ሰዓት ሳይሞላ ደወለች።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬም መረበሽሽን አልተውሽም?"

"አልተውኩም።"

"በይ ቲሸርትሽን ነይና ውሰጂ። የቀረው ስሞል ብቻ ነው።"

ስሞል! ሦስት ልጅ የወለደች ሴት በስሞል ምን ታደርጋለች? የቲሸርቱ ዋጋ ካዋጣሁት ላይ መቀነሱን ደግሞ አሁን ነው የሰማሁት። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ እዚያው እንገናኛለን።