በካርዱ ላይ ደኅና ናት

ወገኖቼ፣ እህቴ የሞተችው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ፣ ሰዓቱን አልስተውም። የሕክምና ካርዷ ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ የልብ ምቷ 84፣ የደም ግፊቷ 110 በ70 ነበር ይላል። ከጎኑም «ታካሚዋ በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች» የሚል አለበት። ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ የተሞላ ሠንጠረዥ ነው። ስድስቱም መስመር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ተቀምጦ በአንዴ የተጻፈ ነው። ገጹን ስትገልጡ የሞቷ ሰዓት 10፡30 ተብሎ ተመዝግቧል። የሞቷ ምክንያት «የልብና የመተንፈስ ሥራ መቆም» ነው። እንደዚያ ሳይሆን የሚሞት ማን አለ?

ያንን ወረቀት ይቅር ማለት አቅቶኛል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን ይቅር ያላልኩት አንድ ሰው አለ።

የማዮማ፣ የማሕፀን ዕጢ፣ ኦፕራሲዮን ነበር። ጠዋት ገብታ ከቀትር በኋላ ወጣች። ዶክተሩ «በሰላም አልቋል» አለን፤ እኛም እጁን ይዘን መረቅነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ውሃ ጠማኝ አለች፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ አበስኩላት። 4 ሰዓት ላይ እጇ ቀዘቀዘ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ መገላበጥ አበዛች። ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ከምሽት ጀምሮ ያው መስመር ላይ ነው። ሲስተሯን ጠራኋት። በር ላይ ቆማ «ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ነው፤ ማደንዘዣው ሲለቅ ነው» አለችኝ። 6 ሰዓት ላይ ደግሜ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ፤ ስንቱን ልይ?» እውነቷን ነበር። ሁለት ክፍል ሙሉ በሽተኛ ለአንድ ሰው ጥለውባታል። 8 ሰዓት ላይ እህቴ እጄን ያዘችኝና «እባክህ ጥራልኝ» አለች። ሦስተኛ ጊዜ መሄድ አፈርኩ። ነዝናዛ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። «ትንሽ ታገሺ፣ አሁን ይነጋል» አልኳት። 10 ሰዓት ላይ መናገር ስታቆም ሮጥኩ፤ ዶክተሩ ሲደርስ የቀረ ነገር አልነበረም።

ይቅር ያላልኩት ሰው እሱ ነው፤ ያ «ታገሺ» ያለው።

በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ለአንዳችሁ ቢጠቅም። ጥም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ዕረፍት ማጣት፣ የሚፈጥን የልብ ምት፣ የሽንት መቀነስ፦ ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ጤነኛ ልብ ከዚያ ውስጥ ሲሶ ገደማ እስኪያጣ ድረስ ግፊቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ግፊት እስኪወርድ የጠበቀ ዘግይቷል ማለት ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ሽንት እንኳ ካልወጣት ሐኪም መጠራት አለበት። ከረጢቱ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

ደም ፈሷት ነው የሞተችው ብዬ ግን አልምልም። መማል የማልችለውም በእኛው ጥፋት ነው። «አስከሬኗ ይመርመር» ስል አጎቴ «ልጄ፣ ዳግመኛ ልታስቀድዳት ነው?» አሉኝ። ለቀስተኛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። «ቀኗ ደርሶ ነው፣ ተዋት ትረፍ።» ተውኳት።

ካርዱን ያገኘሁት ከሁለት ወር ምልልስ በኋላ ነው። ጠበቃው እስኪጨርስ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «መሞቷ ብቻውን ክስ አይሆንም» አለኝ። አራት ጥያቄ ቆጠረልኝ፦ ሐኪሙ ግዴታ ነበረበት ወይ፣ ግዴታውን ጥሷል ወይ፣ የሞተችው በዚያ ጥሰት ነው ወይ፣ ምን ጉዳት ደረሰ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «የአስከሬን ምርመራ ውጤት አላችሁ?» አለ። አንገቴን ደፋሁ። ቀጥሎ የሙያ ምስክር ያስፈልጋል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዝ አገር በታየው የቦላም ክስ ላይ የተነገረውን መለኪያ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ሐኪም የሚመዘነው ኃላፊነት የሚሰማቸው የሙያ አጋሮቹ ትክክል ነው በሚሉት አሠራር ነው። ሁለት ሐኪሞች ለመንኩ። ሁለቱም በቃል «ይህማ ግልጽ ነው» አሉኝ። ፈርሙልኝ ስላቸው አንዱ ስልኩን ዘጋ፣ ሌላው «ነገ አብሬው ነው የምሠራው» አለኝ። ቤተሰቡ ደግሞ በሌላ በኩል «ከሐኪም ተጣልተህ ነገ ማን ሊያክምህ ነው?» ይለኛል። ዛሬ ነገ ስል ይርጋው፣ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ፣ አለፈ።

እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ለአንድ ክንድ መሬት እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት እንሟገታለን፤ ለሰው ነፍስ አንድ ገጽ ማመልከቻ መጻፍ ይከብደናል። ከመካከላችን የሚቆጣ ከተገኘም ሲስተሯን በጥፊ ይመታና ወንድነት ይመስለዋል። ያ ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው፤ ብቻዋን የመደባት ሰው ቤቱ ተኝቷል። በጎበዝ ሐኪም እጅም ሰው ይሞታል፤ ሆድ የተቀደደ ሁሉ አይድንም። አደጋውን ከቸልተኝነት የሚለየው ምርመራና መዝገብ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ከለንደንና ከሲያትል እስከ ማኒላና የታንዛኒያዋ ኢፋካራ በስምንት ከተሞች የዓለም ጤና ድርጅትን ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ዝርዝር ሞክሮ ነበር። የሟቾች ቁጥር ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ዝርዝሩ ተራ ጥያቄ ነው፦ ስምሽ ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ቦታ ነው? ምን ያህል ደም ሊፈስ ይችላል? ጨርቁና መርፌው ተቆጥሯል? እዚያ ውስጥ ጥያቄ ነፍስ ያድናል። እኛ በሩ ላይ ቆመን መጠየቅ ነውር ነው እንላለን።

ይህን ሁሉ የማውቅ እኔ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶ ደረስኩ፣ እናቱን አቀፍኳት፣ አፌም «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር አልኩ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ማታ በሯን አንኳኳሁ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቀን የተናገርኩትን እንዳልሰማሽው ቁጠሪው» አልኳት። ብዙ ዝም አለችና «ሁለት ሌሊት ሙሉ ሆዴ ተነፋ ይል ነበር፤ ማንም አላየውም» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ካርዱን ይሰጡኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይስጡ አይስጡ አላውቅም። እንደ እኔ ሁለት ወር ያመላልሷት ይሆናል። ማመልከቻውን ግን ጽፈናል፣ በሁለት ኮፒ፤ አንደኛው ላይ የደረሱበትን ቀን ጽፈው ማኅተም ያሳርፉበታል። የሞተበት ቀን ላይ፣ ይርጋው ከዚያ ሊቆጠር ስለሚችል፣ በቀይ አስምሬበታለሁ። ነገ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ሲከፈት አብሬያት እቆማለሁ።