የአጎት የጎድን አጥንትና የፀሐይ ግርዶሽ

የአገራችን የግርዶሽ ተመልካች የሚገባውን ምስጋና እስከ ዛሬ አላገኘም። ሌላው ዓለም ግርዶሽ ሲመጣ ወራት ቀድሞ መነጽር ያዛል፣ ካርታ ይዘረጋል፣ ሆቴል ይይዛል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ የፈሪ ዝግጅት አያውቅም። ነገ ጠዋት ግርዶሽ አለ ከተባለ ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ቆሞ ከቁም ሳጥኑ አናት የአጎቱን ራጅ ያወርዳል። አጎት ከዳኑ ቆይተዋል። ራጁ ግን ለክፉም ለደጉም ቀን ተብሎ ተቀምጧል፤ ደጉ ቀን እነሆ።

ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሑድ ጠዋት የሆነውን እናስታውስ። የዕለቱ ግርዶሽ ቀለበታማ የሚባለው ዓይነት ነበር። ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመጋረድ ትንሽ አነሰች፤ ዙሪያውን ቀጭን የእሳት ቀለበት ቀረ። ቀለበቱ የሚታይበት ጠባብ መስመር ከኮንጎ ተነስቶ በደቡብ ሱዳን በኩል ገባ፣ ላሊበላን ረገጠ፣ በኤርትራ አድርጎ ወደ የመን ተሻገረ። ላሊበላ ላይ ቀለበቷ የቆየችው አንድ ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከመስመሩ ውጭ ስለነበረች የደረሳት ከፊሉ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ጨረቃ የፀሐይን ጠርዝ መንከስ ጀመረች፤ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከአሥር እጅ ስምንቱን አልፋ ሸፍናለች። የከተማው ሕዝብም ፍርዱን ሰጠ፤ «ይቺ ናት ግርዶሽ?»

ቅሬታው ተገቢ ነው። ቀኑ ይጨልማል፣ ከብት ወደ በረቱ ይመለሳል፣ ዶሮ ይጮኻል ተብሎ ነበር። ዶሮ እንኳ ጮኋል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድሮም ይጮኻል።

የተመልካቻችን ሒሳብ ቀላል ነው። ፀሐይ ከመቶ 90 ከተሸፈነች ቀኑም ከመቶ 90 መጨለም አለበት። ዓይን ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አልተማረም። ብርሃኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዶ ቀስ እያለ ሲቀንስ ብሌኑ አብሮ ይሰፋል፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ሬቲናውም፣ ራሱን ያስተካክላል፤ ባለቤቱ የሚሰማው ቀጭን ደመና ያለፈ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ታበራለች። አንድ አሥረኛዋ ብቻ ቢቀር 40,000 ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ በዚህ ብርሃን ምስር ይለቀማል፣ መርፌ ውስጥ ክር ይገባል። ቀለበቱን ያየችው ላሊበላ እንኳ ከመቶ 98 ገደማው ተሸፍኖባት አልጨለመችም። ጨለማው የሚመጣው የመጨረሻዋ ፍንጣቂ ስትጠፋ ነው። ተመልካቻችን ግን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምን ላይ ይማረር ነበር?

ወደ ራጁ እንመለስ፤ የጥበቡ ቁንጮ እሱ ነው። ለዓይን ደኅና የሚባለው የግርዶሽ መነጽር ከፀሐይ ብርሃን የሚያሳልፈው ከ30,000 አንድ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የራጅ ፊልም በጣም ጥቁር ነው የሚባለው ክፍሉ ከ1,000 አንድ እጅ ገደማ ያሳልፋል። ያም ፊልሙ ባዶ ጥቁር ቢሆን ነው። የአጎት ራጅ ግን ባዶ አይደለም፤ ሳንባው ጠቁሯል፣ አጥንቱ ነጥቷል። ስለዚህ ተመልካቻችን ግርዶሹን በሳንባ በኩል ጀምሮ፣ እጁ ሲደክምና ፊልሙ ዝቅ ሲል፣ በአራተኛው የጎድን አጥንት በኩል ይጨርሰዋል። አጎትም ደረታቸው ለሳይንስ እንደዋለ ሳያውቁ ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ራጅ ያልደረሰው ወገን በፀሐይ መነጽር ይመጣል፤ ያውም ሦስት ደርቦ። ይህ ሰው ሒሳብ ያውቃልና ሊደነቅ ይገባል። አንዱ መነጽር ከመቶ 15 እጅ ቢያሳልፍ ሦስቱ ተደርበው ከመቶ አንድ ሦስተኛ ያህል ያሳልፋሉ። ትንሽ ይመስላል፤ ከሚፈቀደው መቶ ጊዜ ይበልጣል። ሦስቱን አፍንጫው ላይ አመቻችቶ ለማቆም የሚያሳየው ብልሃት ግን ለብቻው ጭብጨባ ይገባዋል።

የባልዲ ውሃው ደግሞ የአባቶች ነው፤ አይነካም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ውሃ ከብርሃኗ ከመቶ 2 እጅ ያህል ያንጸባርቃል። እንደዚያን ዕለት ጠዋት ዝቅ ብላ ስትገኝ ግን ወደ 10 እጅ ይጠጋል። ውሃውን በቀለም ማጥቆር የሚያጠፋው የባልዲውን ታች ነው፤ ፀሐይቱ ከላይኛው ገጽ ስለምትንጸባረቅ ምንም አልቀነሰባትም። ሰማይን ቀና ብሎ ማየት ነውር ነው ብሎ ባልዲ ላይ ያጎነበሰ ሰው ያቺኑ ፀሐይ በትሕትና ያያታል። በዚህ ላይ አንድ ሕፃን ባልዲውን ሲነካው ፀሐይቱ እስክስታ ትወርዳለች።

በያጁ ጎረቤት ከሁሉም ለእውነት የቀረበው ነው፤ ለዚህም ይመስላል ማንም የማይሰማው። የብየዳ መስታወት ይሠራል፣ የጥቁረት ቁጥሩ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ የሚመቸው 14 ነው። ለተራ ብየዳ የሚያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 11 ነው፤ ለፀሐይ አይበቃም። ራሱ የሚጠቁረው ዘመናዊ ማስክማ የብየዳ ብልጭታ ጠብቆ የሚሠራ ስለሆነ፣ ዝም ብላ ለምታበራ ፀሐይ ይጥቆር አይጥቆር ዋስትና የለውም። «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የጎረቤትን ሙያ እንደ መጠራጠር ስለሚቆጠር አይደረግም።

እውነተኛ መነጽር ያለው አንድ ሰው በሰፈሩ ከተገኘ ግርዶሹ ይረሳል፤ የሰፈሩ ፀሐይ ባለመነጽሩ ይሆናል። ከፊል ግርዶሽ ከመጀመሪያው ንክሻ እስከ መጨረሻው ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆያል። ሃምሳ ሰው ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ቢያይ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የእኛ ሰው ግን የዘይት ሰልፍ ያሠለጠነው ነው፤ ያልተጋፉበት ነገር መኖሩን አያምንም። በ2012 ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ወቅት ስለነበር ጥንቃቄው ልዩ ነበር። አፍና አፍንጫ በማስክ ተሸፍኖ፣ ዓይን ለፀሐይ ክፍት ተተወ።

«እኔ አየሁት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ጀግና ማለፍ አይቻልም። እውነቱን ነው፣ ለጊዜው ምንም አልሆነም። ሬቲና ሕመም የሚናገር ነርቭ የለውም፤ ሲቃጠል አያሳክክም፣ አያስለቅስም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው፤ የሚያነቡት ፊደል መሐሉ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል። ያን ጊዜ ጀግናው ስልኩ እንደተበላሸ ይናገራል።

ስልክ ካልን ፎቶውም ይወሳ። በስልክ ዋና ካሜራ ላይ ፀሐይ ከፎቶው ወርድ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም። ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው በሰፈሩ ቆርቆሮና በኤሌክትሪክ ምሰሶው ስለሆነ እሷን የነጣ ጠብታ አድርጎ ይተዋታል፤ ጣትን ጭኖ ዙም ማድረግ ጠብታውን ትልቅ ጠብታ ያደርገዋል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ውስጥ ተንጸባርቃ ከፎቶው ጥግ የምትወድቅ አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ ደብዛዛ ስለሆነች የተነከሰችውን ፀሐይ ቅርጽ ቁልጭ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት። ባለፎቶው ግን «ቆሻሻ ገባበት» ብሎ ይቆርጣትና ነጩን ጠብታ ብቻ ይለጥፋል፤ ሥሩም «ታሪካዊ ቀን» ብሎ ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግርዶሹ መሬት ላይ ነበር። በዛፍ ቅጠሎች መሐል ያለች እያንዳንዷ ክፍተት የፀሐይን መልክ ወደ ታች ታወርዳለች፤ ሌላ ቀን ክብ የሆነው የጥላ ሥር ነጠብጣብ ያን ዕለት በመቶዎች የሚቆጠር ማጭድ ይሆናል። ዛፍ ከሌለ ካርቶን በወፍራም መርፌ አንድ ጊዜ መብሳት ይበቃል። ከጀርባ ፀሐይን ይዞ የቀዳዳዋን ጥላ ነጭ ወረቀት ላይ መጣል ነው፤ ካርቶኑ ከወረቀቱ 1 ሜትር ሲርቅ ምስሉ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ 2 ሜትር ሲርቅ እጥፍ። ቀዳዳው ከሰፋ ግን ማጭዱ ይደበዝዝና የቀዳዳው ቅርጽ ብቻ ይቀራል፤ በእርሳስ የበሳ ሰው ያየው የእርሳሱን ክብ ነው። የፓስታ ማጥለያም ያገለግላል። የሻይ ማጥለያ አይሆንም፣ ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ምስሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቃሉ። እንጀራም አይሆንም፣ ዓይኑ ብዙ ቢሆንም ወደ ታች አያስተላልፍም።

ታዲያ መሬት ላይ ቆሞ መሬት ማየት ለማን ያስከብራል? ማጭዶቹ በአስፋልቱ ላይ፣ በሰዎች ትከሻ ላይ፣ በቆመ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተዘርግተው ሳለ ሕዝቡ አንገቱን አቅንቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ በአጎት አጥንት ውስጥ ያንጋጥጥ ነበር።

ለሚቀጥለው ጊዜ ብዙ አልቀረም። ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሰኞ፣ ሙሉ ግርዶሽ አለ። መስመሩ ከስፔንና ከሞሮኮ ተነስቶ በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመን በኩል ወደ ሰሜን ሶማሊያ ይወርዳል፤ ሉክሶር አጠገብ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ጅዳም ስድስት ደቂቃ ያህል ትጨልማለች፤ እዚያ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ልብስ ለማስጣት ሰገነት ላይ ከወጣች ሁላችንም የናፈቅነውን ጨለማ ታያለች። አዲስ አበባ የሚደርሳት እንደ ልማዷ ከፊሉ ነው፤ ጊዜው ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሐምሌ፣ ሰማዩ ዝናብ ያዘለ። በደመናው ካልታየ «ደመና አበላሸው» ይባላል፣ ከታየ «ይቺ ናት?» ይባላል። ሁለቱም መልስ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ራጁን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ መጠቅለል ነው።