የእግዜር እንግዳ አባርረናል

ወገኖቼ፣ ቁጣዬ እስኪበርድ ብጠብቅ አልበርድ አለኝ፤ እንዲሁ እንደጋለ ስሙኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከወሎ ገጠር ልጇን አስከትላ አዲስ አበባ መጣች። የማህፀን በር ካንሰር ነበረባት። የጨረር ሕክምና ታዘዘላትና ተራ እንድትጠብቅ ተነገራት። ከእኔ ቤት ቀጥሎ ባለው ግቢ፣ በሬ ሸጣ በያዘችው ገንዘብ የሁለት ወር ኪራይ ቀድማ ከፍላ አንዲት ክፍል ያዘች።

በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤቱ ደግ ነበር፤ ቡናም ይጠራት ነበር። ኋላ ሕመሟ ጠረን አመጣ። ልጂቱ ሌሊት እየተነሣች የእናቷን ጨርቅ ታጥባለች። አንድ ጠዋት ጨርቁን ከማስጫው ገመድ አውርጂ ተባለች። ቀጥሎ ከቧንቧው እንዳትቀዳ ተከለከለች። በመጨረሻ ተከራዮቹ ተሰብስበው «ልጆቻችንን ታስይዝብናለች» የሚል ወረቀት ፈረሙ፤ አከራይዋም የቀረውን ኪራይ መልሳ ዕቃቸውን በዝናብ ደጅ አወጣችው። ከፈረሙት መካከል የኮሌጅ ምሩቆች አሉ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ የማይቀሩም አሉ።

እስከ መናኸሪያ የሸኘቻቸው በግቢው እንጀራ የምትጋግር ሴት ብቻ ነበረች። ይህንንም ያወቅሁት ከእሷ ነው። ከሆስፒታሉ «ተራሽ ደርሷል» ተብሎ ሲደወል እናትና ልጅ አገራቸው ገብተዋል፤ መመለሻ ገንዘብ የለ፣ ማደሪያ የለ። እናትየው ጥቅምትን አላየችም። ጨረሩ ያድናት ነበር አልልም። ተራዋን የነጠቃት ግን ካንሰሩ አይደለም።

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ለዚህኛው ካንሰር መነሻ የሚሆነው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል እንጂ በቧንቧ፣ በገመድ ወይም በስኒ አይደለም። ጠረኑስ? ዕጢው ሲቆስልና ሲበሰብስ ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው፣ በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ የሚሸጠው ክኒን በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ያቃልለዋል። አንድ ሰው እንኳ «ሐኪሟን ልጠይቅላት» ብሎ አልተነሣም። እሷ ባደገችበት አገር መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ ደጅ አያድርም።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ነገም ይመጣብናል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከሃያ ዓመት በላይ የጨረር ሕክምና የምታገኘው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረር ላይ ቢጀመርም ወረፋው ገና ረጅም ነው። ሕሙማን የሚጠብቁት በእኛ ግቢ ውስጥ ነው።

ልጂቱ ከሐሳቤ አትወጣም። የዚህን ካንሰር መከላከያ ክትባት ወስዳ ይሆን? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው፤ እኛ ግን «መካን ያደርጋል» የሚል የሐሰት ወሬ እየነዛን ስንቷን አስቀረናት! ለእናቶችም በጤና ጣቢያ ምርመራ አለ። የማህፀኑ በር አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ይታያል፤ ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጠ ቁስል ከተገኘ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ስሙን ለመጥራት እየፈራን «ያ በሽታ» ስንል እህቶቻችን ደም ሲፈስሳቸው ደብቀው ይቀመጣሉ።

እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንሮጥ ታውቃላችሁ። ከእድሩ ገንዘብ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን እናዘጋጅ ብዬ ባለፈው ስብሰባ አንሥቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ «እናስብበት» አሉ። እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። ደክሞኛል፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አነሣዋለሁ። ያን ወረቀት ከፈረማችሁት መካከል አንዳችሁ እንኳ አብራችሁኝ እጅ ብታወጡ፣ እነሱም የሚሰሙን ይመስለኛል።