እርማት፦ ጨዉ ቢታጠብም አርሰኒኩ ይቀራል
ከ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በካሪቢያን ዳርቻዎች እየተከመረ ያለው ሳርጋሰም የተባለ ተንሳፋፊ የባሕር አረም «ጨዉ ከታጠበ ለጓሮ ማዳበሪያም ለከብት መኖም ይሆናል» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አነበብኩ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ስሕተት አለበት።

እጥበት የሚያስወግደው በላዩ ያለውን ጨው ነው። የአተር ፍሬ በሚያካክሉ የአየር ከረጢቶቹ የሚንሳፈፈው ይህ ቡናማ አልጌ ከባሕር ውኃ አርሰኒክ ይስባል፤ መርዙም አካሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ በውኃ ታጥቦ አያልቅም። አልጌው በጎመን መደብ ላይ ሲበሰብስ መርዙ ወደ አፈሩ፣ ከዚያም ወደ ገበታችን ሊሻገር ይችላል።

ለማረጋገጥ ከክምሩ ናሙና ወስዶ አርሰኒኩን፣ በተለይም ኢ-ኦርጋኒክ የሆነውን (ከካርቦን ጋር ያልተጣመረውንና ይበልጥ መርዛማውን ዓይነት)፣ በቤተ ሙከራ ማስለካት ነው። መጠኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጎረቤት ዳርቻ ውጤት አያገለግልም። በሜክሲኮ የግንባታ ጡብ ይሠሩበታል፤ ያ የሚበላ ነገር አይደለም። ሳይለካ ግን እባካችሁ ለከብት አትስጡት።