ጉልበቷን ያመማት ልጅ ዳሌዋም ይታይ

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ማነከስ ስትጀምር በጅማና በአካባቢዋ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። ክረምት ከሆነ «ብርድ መቷት ነው»፣ የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነ «ወለም ብሏት ነው»፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ደግሞ «ስትጫወት ወድቃ ነው» ይባላል። ቅባት ይቀባል፣ ወጌሻ ይጠራል። ጤና ጣቢያ ብትሄድም በጣቷ የምትጠቁመው ጉልበቷን ስለሆነ የሚታየው ጉልበቷ ነው፤ የጉልበቷ ራጅ ይነሳል፣ ራጁ ደህና ይሆናል፣ ማስታገሻ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ወደ ዳሌ መገጣጠሚያ የሚሄዱት ነርቮች ግን ወደ ጭንና ወደ ጉልበትም ስለሚወርዱ፣ የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ይሰማል። ዳሌዋን ማንም ሳያየው ወራት ያልፋሉ።

በልጆችና በወጣቶች ዳሌ ላይ ከምናጣው እንቅስቃሴ ብዙውን የምናጣው ዘግይተን ስለምናየው፣ ካየነው በኋላም «ይረፍ» ብለን ስለምናስረው ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ውድ ማሽን ሳይጠበቅ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

ክቡ የጭን አጥንት ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ሲሽከረከር አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያደርገው ካርቲሌጅ የተባለው ለስላሳ ልባስ ነው። ይህ ልባስ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ እንደ ስፖንጅ የሚገባበትና የሚወጣበት መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ያልተንቀሳቀሰ ካርቲሌጅ ይራባል። ኮንድሮላይሲስ በሚባለው ሕመም ልባሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያውን የከበበው ሽፋን ይወፍራል፣ ዳሌው ይገተራል። አንዳንዴ መንስኤው ይታወቃል፤ መግል፣ የአጥንት ራስ መንሸራተት፣ ወደ መገጣጠሚያው ዘልቆ የገባ ብሎን ወይም ረጅም ጊዜ የቆየ ጀሶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም መንስኤ አይገኝም። ይህ መንስኤው ያልታወቀው ዓይነት በዝርዝር የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1971 ከደቡብ አፍሪካ ነበር፤ ከወንዶች ይልቅ በሴት ልጆች ላይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በጉርምስና መግቢያ ላይ ነው። ትኩሳት የለውም፣ ልጅቷ አትከሳም፣ የወደቀችበት ቀንም አይታወስም። እንዲህ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚመጣ ነው ቤተሰብ የሚዘናጋው።

በሽታው ሲገፋ እግሩ የሚይዘው አቀማመጥ ራሱ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ዳሌው ትንሽ ታጥፎ፣ ወደ ጎን ተከፍቶ፣ ወደ ውጭ ዞሮ ይደርቃል። ወደ ጎን ተከፍቶ የደረቀ እግር መሬት እንዲረግጥ ወገብ በዚያው በኩል ዝቅ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ የታመመው እግር ረጅም፣ ጤነኛው አጭር መስሎ ይታያል። ቤተሰብ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ በጤነኛው እግር ጫማ ላይ ሶል ያስጨምራል። ሶሉ የዳሌውን መዛባት ደግፎ ያጸናዋል እንጂ አያቃናም። ለማጣራት አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ፊት ለፊት፣ ከሆድ ግርጌ በጎን በኩል ከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጫፍ አንስቶ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሁለቱም እግሮች ይለኩ። ሲለኩም ጤነኛው እግር እንደታመመው ያህል ተከፍቶ ይቀመጥ። ልኬቱ እኩል ከመጣ ያጠረ እግር የለም፤ የደረቀ ዳሌ ነው ያለው።

ዋናው ምርመራም መሣሪያ አይጠይቅም፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቷ ጠንካራ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትተኛ፤ የሚሰምጥ ፍራሽ የታጠፈ ዳሌን ይደብቃል። የደህናው እግር ጉልበት ወደ ደረቷ ይታጠፍ፣ ወገቧ ከአልጋው ጋር እስኪገጥም ድረስ። በዚህ ጊዜ የታመመው ጭን ከአልጋው ከተነሳ ዳሌው ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ማለት ነው፤ ስንት ዲግሪ እንደተነሳ ካርዷ ላይ ይጻፍ፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ወር የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። ቀጥሎ በሆዷ ተኝታ ሁለቱም ጉልበቶቿ 90 ዲግሪ ይታጠፉና እግሮቿ በራሳቸው ክብደት ግራና ቀኝ ይውደቁ፤ አንድ እጅ መቀመጫዋን ይጫን፣ አለበለዚያ ዳሌው ያልዞረውን ወገቧ ይዞርለታል። እግር ወደ ውጭ ሲወድቅ ዳሌ ወደ ውስጥ እየዞረ ነው። የጤነኛ ልጅ እግር 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወድቃል፤ የታመመው ጥቂት ሄዶ ቀጥ ይላል። በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ቀድሞ ከሚጠፉት እንቅስቃሴዎች አንዱ ይኸው ወደ ውስጥ መዞር ነው። በሆዷ መተኛት ካቃታት በጀርባዋ ሆና ዳሌዋንና ጉልበቷን 90 ዲግሪ አጥፎ ማዞር ይቻላል። በቀስታ ብቻ፤ በኃይል የሚደረግ ነገር የለም።

ሁለቱ ጎኖች ከተለያዩ ቀጣዩ የዳሌ ራጅ ነው። አንድ ዳሌ ብቻ ማንሳት ከንቱ ወጪ ነው፤ ሁለቱም ዳሌዎች በአንድ ፊልም ፊት ለፊት፣ ከዚያም እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው በጎን ይነሱ። ጤነኛ የልጅ ዳሌ በራጅ ላይ በአጥንቶቹ መካከል ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ያሳያል፤ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከወረደ ካርቲሌጁ ሳስቷል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ፊልም ሲታተም ወደ ወረቀቱ ልክ ስለሚጠብ በማስመሪያ የተለካው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ከጤነኛው ጎን ጋር የሚታየው ልዩነት ይታመን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጁ ደህና ሊሆን ስለሚችል ዳሌው እየደረቀ ከሄደ ከስድስት ሳምንት በኋላ መድገም ተገቢ ነው። ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል፤ ግን እሱን ልጠብቅ ብሎ እንቅስቃሴ ማቆም አይገባም።

ኮንድሮላይሲስ የሚለው ስም ከመሰጠቱ በፊት ሌሎች ሦስት ሕመሞች አለመሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ከሁሉም የሚያጣድፈው መግል ነው። ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ እግሩን መርገጥ አለመቻል፣ ከ40 በላይ የሆነ ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ)፣ ከ12,000 በላይ የሆነ ነጭ የደም ሴል፤ ከእነዚህ አራቱ ብዙዎቹ በተገኙ ቁጥር ዳሌ ውስጥ መግል የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። መግል ካርቲሌጅን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። በዚያው ቀን በመርፌ ተቀድቶ መታየትና በቀዶ ሕክምና መታጠብ አለበት፤ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ «ሰኞ ተመለሱ» ማለት ዳሌውን አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ቲቢ ነው። በእኛ አገር ሊዘነጋ የማይገባው ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንቱንም ይሸረሽራል። ነገር ግን ክፍተቱ ጠቦ ስለታየ ብቻ ወራት የሚፈጅ የቲቢ መድኃኒት መጀመር፣ ከዚያም ውጤቱን እያዩ መጠበቅ ትክክል አይመስለኝም። ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ወይም ሥጋ ተወስዶ የቲቢ ጀርም በሚለየው ማሽን በጂንኤክስፐርት ይመርመር፤ ደረትም ይታይ።

ሦስተኛው የጭን አጥንት ራስ በማደጊያው፣ ማለትም አጥንቱ በሚያድግበት ለስላሳ ክፍል፣ ላይ መንሸራተት ነው፤ በተለይ ከ10 እስከ 16 ዓመት ባሉት፣ ይልቁንም ወፍራም በሆኑ ልጆች ላይ ይታሰብ። ዳሌዋ ሲታጠፍ ጭኗ በግድ ወደ ውጭ ከዞረ ይህን ጠርጥሩ። ወጌሻን በተመለከተ በግልጽ መነገር ያለበትም እዚህ ላይ ነው፤ የተንሸራተተ ዳሌ በኃይል ከታሸ ወይም ከተጎተተ ጨርሶ ሊላቀቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት፣ በክራንችም ቢሆን መራመድ ባልቻሉ ልጆች ከታዩት 30 ዳሌዎች በ14ቱ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሞቷል፤ መራመድ ከቻሉት ልጆች 25 ዳሌዎች ግን በአንዱም አልደረሰም። መንሸራተት በራጅ ከታየ ልጅቷ አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ የለባትም፤ ተኝታ ወደ ሪፈራል ትወሰድ። ሲጠገንም ብሎኑ በአጥንቱ ራስ መሐል ገብቶ ጫፉ ከመገጣጠሚያው ቢያንስ 5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። በአንድ አቅጣጫ በተነሳ ራጅ አጥንቱ ውስጥ ያለ የሚመስል ብሎን በሌላው አቅጣጫ ወጥቶ ሊታይ ስለሚችል፣ ቀዶ ሐኪሙ እግሩን እያዞረ በማሽኑ ማየት ይኖርበታል። ወጥቶ የቀረ የብሎን ጫፍ ካርቲሌጁን በእያንዳንዱ እርምጃ ይፍቀዋል።

እነዚህ ሦስቱ አለመሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ የኮንድሮላይሲስ ሕክምና እንቅስቃሴ ነው። ጀሶ አይደለም፤ በአልጋ መዋልም አይደለም። መድኃኒቱ እንቅስቃሴውን ለማስቻል ነው የሚሰጠው። አይቡፕሮፌን ከሆነ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ከምግብ በኋላ፤ ለ30 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ 300 ሚሊግራም ማለት ነው። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ሐኪሙ ይወስን። መገጣጠሚያው በጣም ከተቆጣ ለጥቂት ቀናት ሆስፒታል ተኝታ፣ ከክብደቷ አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ክብደት በትራክሽን መሳቡ ጡንቻውን ያላላል። ስትራመድ ሁለት ክራንች ትያዝ፤ የክራንቹ ራስ ከብብቷ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ መያዣው የእጇ አንጓ ጋ ይድረስ፣ ክብደቷ መዳፏ ላይ እንጂ ብብቷ ላይ አይረፍ።

የቤቱ ሥራ ቀላል ነው፤ ከባዱ መሰንበቱ ነው። ማስታገሻው ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆይታ ምንጣፍ ላይ በሆዷ ትተኛ፣ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ይህ የታጠፈውን ዳሌ የሚዘረጋ ነው። ከዚያ ጉልበትን ወደ ደረት ማጠፍ፣ እግርን ወደ ጎን መክፈትና መግጠም፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማዞር፣ እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ። እናት ወይም እህት እግሩን ትደግፍ እንጂ አትግፋ፤ እንቅስቃሴውን የምታደርገው ልጅቷ ናት። ሕመሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ትክክል ነው። እስከ ማግስቱ ከቆየ ቁጥሩ ይቀነስ፣ ግን አይቋረጥ። ሳይክል የሚገኝበት ቤት የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርጎ ማቆምና ኮርቻውን ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ክብደት ሳይጫን ዳሌው ብዙ መቶ ጊዜ ይዞራል።

ቡና ሲፈላም ሆነ ሲጠና አጭር በርጩማ ላይ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ዳሌውን ታጥፎ እንዲደርቅ ያደርገዋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ትነሳ። 20 ሊትር ጀሪካን ጀርባዋ ላይ አይውጣ። ስንራመድ በዳሌ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚደርስ፣ የተጨመረው ውኃም በዚያው ልክ እየተባዛ ነው የሚያርፍባት። ለመጸዳጃ ቤት መሐሉ የተቆረጠ የእንጨት ወንበር ማንም አናጢ ይሠራል። የምትሰግድ ልጅ ከሆነች የታመመ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ የተፈቀደለት መሆኑን ቤተሰብ ያውቃል፤ ልጅቷ ግን አፍራ ስለምትደብቅ አባቷ በግልጽ ቢነግራት ጥሩ ነው።

በሽታው የሚቆጣበት ጊዜ ከ6 እስከ 16 ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥር የሰደደው ደረጃ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። የአንዳንዶቹ ክፍተት ተመልሶ ይሰፋል፣ እንቅስቃሴያቸውም ይመለሳል፤ የአንዳንዶቹ ደርቆ ይቀራል። በሦስተኛው ወር ለውጥ ያጣ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ቢተው አይፈረድበትም፤ ይህን ጊዜ አስቀድሞ የነገረው የለምና። የወፈረውን ሽፋን መቁረጥና ጡንቻ ማላላት፣ መገጣጠሚያውን በውጭ ብረት መለጠጥ፣ በስተመጨረሻም የዳሌን አጥንቶች እንዳይንቀሳቀሱ አንድ ላይ ማጋጠም ወይም በሰው ሠራሽ መተካት አለ። ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ዳሌም ለ15 ዓመት ልጅ ከተገባላት በሕይወቷ ዘመን ደግሞ መቀየሩ አይቀርም።

ስለዚህ ጥረቱ መፍሰስ ያለበት ቀድሞ ነው። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የሚያነክስ ልጅ ሲመጣበት፣ የሚያመው ጉልበቱም ቢሆን፣ ዳሌውን አዙሮ የማየት ግዴታ ይኑርበት፤ ውጤቱም በዲግሪ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከአጋሮ፣ ከበደሌ ወይም ከቦንጋ በሪፈር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የመጣ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ሊመላለስ አይችልም፤ የመኪናው ዋጋ ብቻ ሕክምናውን ያስቆመዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሙሉ ሰዓት ይሰጠው። እናትየው እንቅስቃሴዎቹን በራሷ እጅ ሠርታ ታሳይ፣ በሥዕል የተደገፈ ወረቀት በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በካፊኛ ተዘጋጅቶ ይሰጣት፣ መጀመሪያ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ የሚደረገውን ልኬት በቅርቧ ያለው ጤና ጣቢያ ይውሰድ። ወደ ጅማ የምትመለሰው በየሦስት ወሩ ለራጅ፣ ወይም ዳሌዋ የሚዞርበት ዲግሪ በሁለት ተከታታይ ወራት ከቀነሰ ብቻ ይሁን። ስትመጣም የድሮ ፊልሞቿን ሁሉ ይዛ ትምጣ፤ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፣ ክፍተቱ መጥበቡ የሚታወቀው ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን በማየት ነው።